ነባር ሕንፃ ከመታደሱ በፊት ሕዝቡን በየትኛው መንገድ እንጠይቅ? ለጎጃም ትናንሽ ከተሞች የንጽጽር መመሪያ

ባቡር ጎጃም አልደረሰም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ቀረ። በሐዲዱ መስመር ያሉ ከተሞች «የድሮ ጣቢያችንን ምን እናድርገው?» ብለው ሲመክሩ፣ የጎጃም ከተሞች ያንኑ ጥያቄ የሚያነሡት በመኪናው መንገድ ዳር ስለቆሙት ነባር ቤቶች ነው፦ የጣሊያን ጊዜ መጋዘን፣ የድሮ ፍርድ ቤት፣ የድሮ ክሊኒክ፣ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ መናኸሪያ። ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የእኛ ነባር ቤት ግን መሬቱ የማዘጋጃ ቤት፣ ክፍሎቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች፣ በረንዳው የጉልት ቸርቻሪዎችና የሊስትሮዎች፣ ጓሮው የእድር ድንኳን ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማንን፣ ስለ ምን፣ እንዴት እንጠይቅ የሚለው ከእድሳቱ ያላነሰ ዝግጅት ይፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ ለከተማ አስተዳደሮች፣ ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችና ለእድሳት ኮሚቴዎች ነው። አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። የተለመደው አንድ ጠቅላላ ስብሰባ ጠርቶ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርሞ ፋይሉን መዝጋት ነው። ጠቅላላ ስብሰባ ለመጨረሻው ቀን ጥሩ ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን ግን ካሉት መንገዶች ሁሉ ደካማው እሱ ነው።

መንገድ ከመምረጥ በፊት፦ የቱ ጥያቄ ነው ገና ያልተዘጋው?

በነባር ሕንፃ ላይ ሕዝብ የሚጠየቃቸው ነገሮች ተደበላልቀው ስለሚቀርቡ መልሱም ይደበላለቃል። ለያይታችሁ ጻፏቸው። ሕንፃው ይቆይ ወይስ ይፍረስ? ከታደሰ በኋላ ምን ይሁን፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየም፣ የወጣቶች መሥሪያ፣ የኅብረት ሥራ ሱቅ፣ አዳራሽ? ማን ያስተዳድረው፣ ኪራዩ የት ይግባ፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ ማን ይጠግን? አሁን እዚያ የሚኖሩትና የሚነግዱት የት ይሄዳሉ? ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ታድሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘግተው የሚገኙ ቤቶችን የሚዘጋቸውም እሱ ነው። የመብራት ሂሳብና የጥበቃ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ሙዚየም ይሁን ብሎ መምረጥ ትርጉም የለውም።

ለድምፅ የማይቀርቡ ነገሮችም አሉ። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን ወይስ በኖራ የሚለው የእጅ ብልጫ ጉዳይ አይደለም። ሲሚንቶ ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ግድግዳው መተንፈስ ሲያቅተው ጭቃው ይላላል፣ ልስኑም ጥቂት ክረምት ሳይሞላው በገበታ በገበታው ይረግፋል። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት ይገባል እንጂ ማስመረጥ አይገባም። ሕጉም እንደዚሁ ነው፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገናና እድሳት አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ሕንፃው ቅርስ ከሆነ ስብሰባው በሙሉ ድምፅ «ይፍረስ» ቢልም እንኳ ቀበሌው ማፍረስ አይችልም። ይህን በስብሰባው መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ።

ጥያቄዎቹ ሁሉ ተዘግተው፣ ዲዛይኑ አልቆ፣ በጀቱ ተመድቦ ከሆነ ግን «ምክክር» አትበሉት። ገለጻ ነው፤ ገለጻ ብላችሁ ጥሩት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ሐሳብ ይህን መብት አያሟላም፤ ሕዝቡም ነገሩ ያለቀ መሆኑን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያውቀዋል።

ቦታው ላይ ቆሞ መነጋገር

በትንሽ ከተማ ከመንገዶቹ ሁሉ ለድካሙ የበለጠ የሚከፍለው ይህ ነው። በአንድ አስጎብኚ ከ12 እስከ 15 ሰው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሕንፃው ዙሪያ አምስት ወይም ስድስት መቆሚያ። ከአስጎብኚው ጋር አንድ ግንበኛና አንድ ጸሐፊ ይኑር። በአዳራሽ ውስጥ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው እዚህ ሲቆም ጎርፍ በየት እንደሚገባ፣ የቱ በር ኋላ እንደተከፈተ፣ የቱ ክፍል እስር ቤት እንደነበር ይነግራችኋል።

ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቀን የታሰበውን ተጨማሪ ግንባታ በኖራ ዱቄት መሬት ላይ አስምሩት። ወረቀት ላይ ስምንት ሜትር በአምስት ሜትር የሚል ነገር ለብዙ ሰው ምንም አይናገርም። ነጩ መስመር ከገበያው ወደ ቦኖ ውሃ የሚወስደውን የእግር መንገድ ሲቆርጥ ግን እንስራ ያዘለች ሴት ቆማ ትጠይቃለች። ዲዛይኑን በዚያ ሰዓት መለወጥ የአንድ ወረቀት ወጪ ነው፤ መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ ግን የሥራ ተቋራጭ ክርክር ይሆናል።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደኅንነት ነው፦ ምስጥ የበላው የእንጨት ወለልና የላላ ቆርቆሮ ስላለ፣ ግንበኛው አስቀድሞ ያላየው ክፍል ውስጥ ሰው አይግባ፤ በገመድ ይታጠር። ሁለተኛው ባለሥልጣን ከፊት ሲሄድ ጉብኝቱ የሥራ ጉብኝት መምሰሉ ነው። ከንቲባው ካስፈለገ ከመጨረሻው ቡድን ጋር ይምጣ።

ትናንሽ ቡድኖች

ከ6 እስከ 10 ሰው፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንድ አወያይ፣ አንድ ጸሐፊ። ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ሽማግሌዎችን፣ የበረንዳ ነጋዴዎችን፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮችን ለየብቻ። አባት ባለበት ልጅ፣ አከራይ ባለበት ተከራይ አይናገርም፤ መለየቱ ለዚህ ነው። የሴቶቹ ቡድን በቡና ሰዓት በአንዷ ቤት ቢሆን ከአዳራሹ የበለጠ ይነገርበታል፤ የቡናውንና የቁርሱን ወጪ ግን ጠሪው ይሸፍን።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ ምክንያቱን ማግኘቱ ነው። «ሙዚየም አንፈልግም» የሚለው መልስ ሲጠየቅ «ሴት ልጆቻችን ከትምህርት በኋላ የሚያጠኑበት መብራት ያለበት ቤት የለም» ይሆናል። ድክመቱ ደግሞ ቁጥር አለመስጠቱ ነው፦ ከስምንት ቡድን ሰማንያ ሰው ሰምታችሁ «ከሕዝቡ 70 በመቶ ይፈልጋል» ብላችሁ አትጻፉ።

ለጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ጎጃም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የአርበኞች አገር ነበር፤ በቡሬና በደምበጫ በኩል የተደረገው ውጊያ አልፎ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አያቱ በዚያ ቤት የታሰረበት ሰው «የጠላትን ቤት ለምን በእኛ ገንዘብ እናሳምራለን?» ሲል በአዳራሽ ከተጨበጨበለት ውይይቱ እዚያው ያልቃል። በትንሽ ቡድን ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይጠየቃል፦ ቢታደስ የማን ታሪክ በግድግዳው ላይ ይጻፍ? ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ከማፍረስ ወደ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይዞራል። የአርበኛ ቤተሰቦችን ቡድን የመጀመሪያው ቡድን አድርጉት፤ ስማቸውን መጨረሻ ላይ ለማስታወስ መሞከር ያስቀይማል፣ መቀየማቸውም ትክክል ነው።

እድር፣ ሰንበቴና ማኅበር

የእድር መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀበሌው ፋይል የበለጠ ትክክል ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደለቀቀ በየወሩ ይታረማልና። መልእክት ለማድረስና ተወካይ ለማስመረጥ የሚስተካከለው የለም። ግን በእድር ወርኃዊ ስብሰባ ዋናው ጉዳይ መዋጮ ነው፤ ለእናንተ የሚሰጣችሁ ሃያ ደቂቃ ነው። በሃያ ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል፣ መመካከር አይቻልም።

የማይደርስባቸውም አሉ፦ ተከራዮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ አዲስ ገቢዎች። በሰንበቴ ብቻ ከተሄደ ደግሞ በብዙ ከተማ የንግዱ ጉልህ ክፍል የሆኑት ሙስሊም ነዋሪዎች ይቀራሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተነገረው ሁሉ በዚያው ሳምንት በመስጊዱም ይነገር። የሴቶች እድር ካለ ለብቻው ይጠየቅ፤ በባሎች እድር ተወክሏል ማለት አይደለም።

ቤት ለቤት መጠይቅ

ቁጥር የሚሰጠው መንገድ ይህ ነው፤ ገንዘብ ለጋሽም ሆነ የክልል ቢሮ ቁጥር ሲጠይቅ ይጠቅማል። ናሙናውን ለማውጣት የአባወራውን ብዛት በ(1 + ብዛት × 0.0025) አካፍሉት፤ ይህ የስህተት መጠኑን፣ ማለት የናሙናው መልስ ከመላው ከተማ መልስ ሊርቅ የሚችልበትን፣ ወደ 5 በመቶ ያደርገዋል። 2,000 አባወራ ላለው ከተማ 2,000 ÷ 6 = 333 ቤት ማለት ነው፤ በየስድስተኛው ቤት መግባት ይሆናል። ከተማው እጥፍ ሆኖ 4,000 ቢሆን 364 ይበቃል። የስህተት መጠኑን ወደ 10 በመቶ ካሰፋችሁት ለ2,000ው ከተማ 95 ቤት በቂ ነው፤ ለትንሽ በጀት ይህን መምረጥ አያሳፍርም፣ ሪፖርቱ ላይ እስከተጻፈ ድረስ።

ጥያቄው ከ12 አይብለጥ፣ ከሃያ ደቂቃ አይለፍ። አንድ ጠያቂ በቀን 12 ቤት ቢሠራ ለ333 ቤት ወደ 28 የሰው ቀን ይጠይቃል፤ ስድስት ጠያቂ በአምስት ቀን ይጨርሰዋል። ተቆጣጣሪው ከየአሥሩ አንዱን ቤት ተመልሶ ይጠይቅ፤ ይህ ካልተደረገ አንዳንድ ቅጽ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሞላል።

ትልቁ አደጋ ጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ግብር የሚሰበስብ ወይም ቤት የሚለካ የቀበሌ ሠራተኛ ደብተር ይዞ ሲመጣ ሰው መልሱን ግብርንና ሊዝን ፈርቶ ያስተካክላል። መምህራንን ወይም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ የከተማውን ልጆች አሠልጥኑ። «ሕንፃው ቢታደስ ይደሰታሉ?» የሚል ጥያቄ ደግሞ አታስገቡ፤ አልደሰትም የሚል የለም። «በዓመት አንድ ቀን ጉልበት ያዋጣሉ? ስንት ብር ኪራይ ይከፍላሉ? በሳምንት ስንት ቀን ይገቡበታል?» የሚለው እውነቱን ያወጣል።

የገበያ ቀን ድንኳን

የከተማው ሕንፃ የከተማው ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ መናኸሪያውንም በረንዳውንም ይጠቀማል፤ በሌላ መንገድ ግን አይገኝም። ድንኳን ትከሉ፣ የአማራጮቹን ሥዕል በትልቁ ስቀሉ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አፉ ጠባብ፣ ውስጡ የማይታይ ጄሪካን አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ስጡት፣ እንደወደደ ይክተት። ለከተማ ሴት ባቄላ፣ ለከተማ ወንድ ሽምብራ፣ ከገጠር ለመጣ በቆሎ ብትሰጡ ማታ ስትቆጥሩ ማን ምን እንደመረጠ ያለ ቅጽ ይለያል። ማንበብ የማይችልም እኩል ይመርጣል። የመረጠ ሰው ጣት ላይ ማርከር ይደረግ፤ ያለዚያ ሕፃናት አሥር ጊዜ ይመለሳሉ። የሚታይ ሣህን አትጠቀሙ፦ የሞላው ሣህን ይበልጥ ይሞላል።

ድክመቱ ይዘት ማጣቱ ነው። ማን ያስተዳድረው የሚለውን በባቄላ መጠየቅ አይቻልም።

ስልክና ቴሌግራም

ወጣቶችንና በውጭ አገር ያሉ የከተማውን ተወላጆች ለመድረስ ብቻ። ገንዘብ የሚያዋጡት ብዙ ጊዜ እነዚህ ስለሆኑ ድምፃቸው ይሰማ፤ ግን ለብቻው ይቆጠር። ከ15 ዓመት በፊት የሄደ ሰው የሚናፍቀውና ዛሬ እዚያ በረንዳ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የሚያስፈልጋት አንድ ላይ ተደምረው አማካይ ሊወጣላቸው አይገባም።

ጠቅላላ ስብሰባ

ግማሽ ቀን፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ። ርካሽነቱ ሁሉንም ይስባል። ግን የመክፈቻው ንግግር አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ የሚናገሩት ሁልጊዜ የሚናገሩት ሰባት ስምንት ሰዎች ይሆናሉ፣ ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሊቀ መንበሩ እያየ እጅ በማውጣት ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተገኘ ሙሉ ድምፅ ስምምነትን አያሳይም።

አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ታበላሻለች፦ የፊርማው ወረቀት። ሰው ሲገባ ለመገኘቱ የፈረመበት ወረቀት ኋላ የቃለ ጉባኤው አባሪ ሆኖ «የተስማሙ ነዋሪዎች ፊርማ» ይባላል። በወረቀቱ ራስ ላይ «የተገኙ» የሚል በግልጽ ይጻፍ፤ ስምምነት ካስፈለገ የተለየ ወረቀት ይኑር፣ የማይስማማም ምክንያቱን የሚጽፍበት ዐምድ ይኑረው። ቃለ ጉባኤው ሰው ሳይበተን ጮክ ተብሎ ይነበብ። አበል የሚከፈል ከሆነ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ካልሆነም ጥሪው ላይ ይገለጽ።

ስብሰባው በመጨረሻ ሲመጣ ግን ሥራ ይሠራል። ሰው ሐሳቡን በቡድንና በቦታው ተናግሯል፤ አሁን የሚያየው የተናገረው መግባቱንና አለመግባቱን ነው። ውይይቱም ስለ ሁለት ተጨባጭ አማራጮች ይሆናል።

የቱን ከየቱ ጋር?

ሁለት ሳምንትና አራት ሰው ብቻ ካላችሁ፦ አሁን በሕንፃው የሚጠቀሙትን አንድ በአንድ አነጋግሩ፣ አራት ጉብኝት፣ አምስት ትናንሽ ቡድን፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ከዚያ ስብሰባ። መጠይቁን ተዉት። ሁለት ወር ካላችሁ የ95 ወይም የ333 ቤት መጠይቁን ከቡድኖቹ በኋላ አስገቡት፤ ቡድኖቹ ሳይሰሙ የተዘጋጀ መጠይቅ የባለሙያውን ግምት ብቻ ይጠይቃል። ጥያቄው ይቆይ ወይስ ይፍረስ ከሆነ ከጉብኝትና ከቡድን ጀምሩ፤ አገልግሎት መምረጥ ብቻ ከቀረ ገበያውና መጠይቁ ይበቃሉ፤ አስተዳደሩ ከሆነ የሚያከራክረው ደግሞ ከእድሮቹ፣ ከነጋዴዎቹና ከማዘጋጃ ቤቱ የተወከሉ ከ9 እስከ 11 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሦስት አራት ጊዜ ተቀምጦ ይጨርሰው።

በምንም ሁኔታ የማይገለበጥ ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ተከራዮችና የበረንዳ ነጋዴዎች ከማንኛውም ሕዝባዊ ጥሪ በፊት ይነገራቸው። የእንጀራቸውን ነገር በአዳራሽ ከሌላ ሰው አፍ የሰሙ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት ስለ ሕንፃው አይሆንም፤ ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ነው።

ቀኑ

ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፤ ገበሬው እርሻ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ። ከኅዳር እስከ ጥር አጨዳና ውቂያ ነው። የተመቸው ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በሁዳዴ ከቀትር በኋላ ረጅም ስብሰባ አትጥሩ። በወሩ ውስጥ ደግሞ እንደ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም ባሉት ቀናት ገበሬ ስለማያርስ ከተማው ውስጥ ይገኛል፤ ከቅዳሴና ከማኅበር በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይተው።

መልሱን መመለስ

ምክክሩ ካለቀ በ15 ቀን ውስጥ ባለ ሦስት ዐምድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የተባለው፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ። ያልተቀበላችሁትን ሐሳብ በተለይ አትዝለሉ፤ «በረንዳው ይስፋ ተብሎ ነበር፤ መንገዱን ስለሚያጠብ አልተወሰደም» የሚል አንድ መስመር ቅሬታን ከብዙ ደብዳቤ የተሻለ ይመልሳል። በቀበሌው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር፣ በመናኸሪያውና በራሱ በሕንፃው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ በሚቀጥለው የእድር ቀን ይነበብ። ዋናው ቅጂ ከማዘጋጃ ቤቱ ሌላ በሁለት እድሮች ሣጥን ይቀመጥ፤ ኃላፊ ሲቀየር ፋይል አብሮ ይጠፋል፣ የእድር ሣጥን ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቁልፍ ያዥ አለው።